ዘበኛውን ወደ በሩ፣ አዋላጇን ወደ ክፍሉ ስለመመለስ

ማንኩሳ
የካቲት ፯ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኃይለ ሚካኤል
የምንጨ ሕይወት ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ራስ ምታት ሳይደፍርዎ፣ ወገብዎን ሳይቆረጥምዎ፣ እንቅልፍዎ ሳይጓደልና ምግብ ሳይጣላዎ እንደ ሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። ምናልባት አንድ ቀን የሚያምዎ ነገር ቢኖር እንኳ፣ የት እንደሚያምዎ የሚጠይቅዎ ሰው የሚናገረው ቋንቋ የሚገባዎ እንዲሆን ከልብ እጸልያለሁ።

ብዕሬን ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው። ሰኞ የካቲት ፳ ቀን የሴቶች ሐኪሞች ከባሕር ዳር መጥተው በሆስፒታልዎ ለአንድ ሳምንት ቀዶ ሕክምና እንደሚሰጡ በድምፅ ማጉያ አስነግረዋል። በዚያ ዕለት አንዲት እናት ሕመማቸውን በሚያውቁት ቋንቋ፣ ለሴት፣ አማቻቸው በሌለበት ክፍል ውስጥ ይናገሩ ዘንድ እንዲፈቅዱላቸው ለመለመን ነው የምጽፍልዎ። ይህንኑ ልመና በአካል ቀርቤ ላሰማ ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን «አባቴ፣ በደብዳቤ ያስገቡ» ስትል በጨዋ ደንብ ሸኘችኝ። እነሆ፣ አስገባሁ። ወደ ቢሮዎ የገቡ ደብዳቤዎች ረጅም ዕረፍት እንደሚወስዱ ከጎረቤቶቼ ስለ ሰማሁ፣ ይህኛው ዕረፍት እንዳያበዛ አንዱን ቅጂ በማንኩሳ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሌላውን በቡሬ መናኸሪያ ለጥፌዋለሁ፤ ሦስተኛው በዕድራችን ስብሰባ ላይ ይነበባል።

እኔ በጡረታ ላይ የምገኝ የአማርኛ መምህር ነኝ። በፈረስ ቤት፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አስተምሬአለሁ፤ ማሰሪያ አንቀጽ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ካየሁ ዛሬም ምሳ አይበላልኝም። ስለዚህ በሆስፒታልዎ በር ላይ በተሰቀለው ሰፊ ጨርቅ ላይ ስለ ተፈጸመው የፊደል በደል የምጽፍ መስሎዎት ከሆነ ልብዎን ያሳርፉ፤ ጨርቁ ይቆየን። ዛሬ የምጽፈው ፊደሉን አስተካክለው ቢጽፉትም ሊያነቡት ስለማይችሉ ሰዎች ነው።

ሰዎቹን ላስተዋውቅዎ። የባለቤቴ የወይዘሮ የሻሽወርቅ የእኅት ልጅ ዘመኑ ይባላል፤ አናጢ ነው። ያገባት ያምሮት የአዊ ልጅ ናት፤ ከጥምቀት በኋላ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እናቷም አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ ከአገራቸው መጥተው እስከ ክርስትናው ድረስ ከእርሷ ጋር ይሰነብታሉ። እኒህን እናት በዚህ ደብዳቤ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እላቸዋለሁ፤ ስማቸው አይደለም። ለመጻፍ ፈቃዳቸውን በልጃቸው በኩል ስጠይቅ፣ «ስሜን ተዉት፤ አገሬን ግን አትተዉት» ብለውኛልና ከቲሊሊ ማዶ እንደ መጡ እመሰክራለሁ። ቋንቋቸው አገውኛ ነው። ከአማርኛ የሚያውቁት ጨው ለመግዛትና ሰው ለመመረቅ የሚበቃ ነው፤ ይህም እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድም ቀን አላሳፈራቸውም ነበር። የሕመማቸውን ስም ደግሞ እኔ አልጽፈውም። ከወሊድ ጋር የመጣ፣ ሴት ለሴት ብቻ የምትነግረው ሕመም ነው ብል ይበቃል። በዚህም ሕዝብ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት ደብዳቤ ከሆስፒታልዎ የምርመራ ክፍል ይልቅ ምስጢር ጠባቂ ሆኖ ስለ ተገኘ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ወይም በእርስዎ ቢሮ ቋንቋ «አስተያየቶቼን»፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሆስፒታልዎ ታካሚ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱንና የሚጠጣውን ውኃ ይዞ እንዲመጣ ማድረጉን ሁላችንም ለምደነዋል። ቋንቋም ይዞ መምጣት እንደሚገባው ግን የተረዳሁት በኅዳር ወር ባዘጋጁት የሕዝብ ውይይት ላይ ነው። አንድ የቡሬ ሽማግሌ ተነሥተው፣ በገበያ ቀን ከታካሚው ብዙው ከአዊ በኩል የሚመጣ መሆኑን ገልጠው፣ አስተርጓሚ ስለ መቅጠር ጠየቁ። እርስዎም ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ «ሕዝባችን የመረዳዳት ባህል አለው፤ ታካሚዎቻችን ቋንቋ የሚያውቅ ዘመድ ይዘው ይመጣሉ» አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ እንከን አልነበረበትምና።

በዚያው አዳራሽ ተቀምጬ ሳለ ያለፈው ዓመት ትዝ አለኝ። ከውጭ አገር የመጡ አንድ እንግዳ ሆስፒታልዎን ለመጎብኘት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቆይተው ነበር። ለእርሳቸው አስተርጓሚ ከባሕር ዳር ድረስ በመኪና መጣ፤ ከጎናቸውም ሳይለይ የእንግዳ ማረፊያውን፣ የአበባ መደቡን፣ ለሥዕል የተሰለፉትን ነርሶች ስም ሁሉ አስተረጎመላቸው። እንግዳው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ነበሩ።

፪. ይህ ቅሬታ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ስለ ርዝመቱ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

አማት በአማቿ ፊት እንዴት እንደምትቀመጥ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ እርስዎም የሰው ቤት አማች ነዎትና። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ዘመኑ ወደ ቤት ሲገባ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ። በፊቱ አይጎርሱም፤ ስሙን አይጠሩም። እርሱም በበኩሉ እርሳቸው ካሉበት ክፍል ሲወጣ ጀርባውን ላለማሳየት ወደ ኋላው እየተራመደ ስለሚወጣ፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ የገንፎ ሳሕን ረግጧል። አማቱን አክባሪ ልጅ ነው። አገውኛም ያውቃል፤ ከሚስቱ ተምሮታል። አማርኛም ያውቃል፤ የተማረው ከእኔ ነው። ስለዚህ በሆስፒታልዎ አስተያየት ከእርሱ የተሻለ አስተርጓሚ አልነበረም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይዟቸው የሄደው ውኃ ቀድተው ሲመለሱ በሩ ላይ አጎንብሰው መቅረታቸውን ባየ ጊዜ ነው። ነርሷ የት እንደሚያማቸው ጠየቀች፤ ዘመኑ ወደ አገውኛ መለሰው። እርሳቸው አማቻቸውን፣ ቀጥሎም ወለሉን አዩና ሆዳቸውን እንደሚያማቸው ተናገሩ። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣቸው። ጥቂት ቆይተው ባሰባቸውና ተመልሰው ሄዱ፤ ጥያቄው ያው፣ አስተርጓሚውም ያው ነበረ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ወገባቸውን እንደሚያማቸው ተናገሩ፤ የሚቀባ ነገርና የሕመም ማስታገሻ ተሰጣቸው። እንዲህ እያሉ በሕመሙ ዙሪያ ሲዞሩ፣ ሕመሙ ወዳለበት ሊደርሱ አልቻሉም፤ መንገዱ ላይ አማቻቸው ቆሟልና። የምርመራ ክፍሉ ባለሙያዎች በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ስሕተት አልሠሩም። የተነገራቸውን ሕመም በትክክል አከሙ።

እዚህ ላይ ስለ ዶክተር ምሥጋና አንድ ነገር ልናገር እወዳለሁ። ትጉህ ወጣት ናቸው፤ ምሳቸውን ቆመው ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ከሌላ አገር መጥተው ከአገውኛ ጋር የተዋወቁት በቅርብ ነው፤ አማርኛቸውም ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ዘመኑን «ሌላ ሲምፕተም ካላቸው ጠይቅልኝ» ባሉት ጊዜ ልጁ በላቡ ተጠመቀ። «ሲምፕተም» የሚባለውን ነገር እኔ አላስተማርሁትም። አሰበ፣ አሰበና አማቱን ሌላ የያዙት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ከነጠላቸው ሥር ለአራሷ የገዙትን አብሽ አውጥተው አሳዩ። ዶክተሩም አብሹን አይተው መልካም መሆኑን መሰከሩ።

፫. ስለ «እሺ»።

ሆስፒታልዎ ሕሙማን ነገሩን መረዳታቸውን የሚያረጋግጠው «ገባዎት?» ብሎ በመጠየቅ ነው። በዚህ አገር ግን ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «አልገባኝም» ብሎ መመለስ ነውር መሆኑን፣ «እሺ» ማለት ደግሞ የአክብሮት ምልክት መሆኑን እርስዎም በዚሁ አገር ተወልደው ያውቃሉ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ «እሺ» የሚለውን ቃል አጥርተው ይናገራሉ፤ የተባሉትን ሁሉ እሺ ብለዋል። መድኃኒት ሰጪው ሦስት ጣቶቹን አሳይቶ፣ እጁን ወደ አፉ ወስዶ፣ ከምግብ በኋላ መሆኑን በምልክት ነገራቸው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እርሳቸው የሚመገቡት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የታዘዙትን አክብረው፣ ከአንዱ ምግብ በኋላ ሦስቱንም ፍሬ በአንድ ጉርሻ ዋጡ። ያምሮት ደርሳበት ባታስቆማቸው ኖሮ ጾሙንም ትእዛዙንም ሳያፈርሱ ይሰነብቱ ነበር።

በየማለዳው በግቢዎ የሚሰጠውንም የጤና ትምህርት ሳላደንቅ አላልፍም። ነርሷ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ታስተምራለች፤ ከአዊ የመጡት እናቶች ደግሞ ከዛፉ ሥር ተሰብስበው፣ አንዲት ቃል ሳይሰሙ፣ ለአስተማሪዋ ክብር ሲሉ እስከ መጨረሻው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «የዛሬዎቹ እንዴት ጥሩ አዳማጮች ናቸው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም።

፬. ስለ በሩ።

በሦስተኛው ጊዜ ዘመኑ «እኔ ውጭ ልቁም» ብሎ ለመነ። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ አማቱ በእርሱ ፊት የሚውጡት ነገር እንዳለ ገብቶታል። ነርሷም ችግሩን ወዲያው ፈታችው። በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አብተው! አገውኛ!» ስትል ተጣራች።

አብተው የሆስፒታልዎ ዘበኛ ነው። የአዊ ልጅ በመሆኑ በደመወዙ ላይ ምንም ሳይጨመርለት የቋንቋ ክፍል ሆኖ ያገለግላል። መመሪያችሁ ዘበኛ የሌለበት በር ክፍት እንዳይሆን ስለሚያዝዝ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ፣ ዱላውን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ምርመራ ክፍል ገባ። ውጭ ባጃጆች ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ባጃጅም ከመካከላቸው ነበረ። እንዲህ በማድረግ ሆስፒታልዎ ለአንዲት አገውኛ ተናጋሪ አገልግሎት ሲሰጥ ለሌላው ሕዝብ በሙሉ ዝግ መሆኑን በማወቄ፣ በአገልግሎት አሰጣጥ ረገድ እኩልነት መስፈኑን ተረድቻለሁ።

አብተው ቀኑን ሙሉ «ወደ ኋላ! አንድ አስታማሚ ብቻ!» ሲል የሚውል በመሆኑ ያለው ድምፅ የበር ድምፅ ነው። ዶክተሩ በለሆሳስ የጠየቁትን እርሱ በአገውኛ ሲደግመው፣ በኮሪደሩ ተራ የሚጠብቁ የአዊ ሰዎች ሁሉ ጥያቄውን ሰምተው መልሱን መጠባበቅ ጀመሩ።

ይህም ባልከፋ። ነገር ግን አብተው የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የሟች ባላቸው የክርስትና ልጅ ነው። በበሩ ባለፉ ቁጥር ጉልበታቸውን ስሞ የሚያሳልፋቸው፣ «እናቴ» ብሎ የሚጠራቸው እርሱ ነው። ዶክተር ምሥጋና በዚያን ዕለት ነገሩን ጠርጥረው ኖሮ ትክክለኛውን ጥያቄ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊጠየቅ ይገባው የነበረውን፣ ጠየቁ። ጥያቄውን ለሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም። አብተው ግን ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዶክተር፣ ይህን እናቴን አልጠይቅም። ከፈለጋችሁ ሌሊቱንም በሩን ልጠብቅላችሁ።»

ዶክተሩ ሥራው መሆኑን ነገሩት።

«ሥራዬስ በሩ ነው» አላቸው።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከዚህ ንግግር አንዲት ቃል አልገባቸውም፤ መግባቱም አላስፈለገም። የክርስትና ልጃቸው ወደ ግድግዳ ሲዞር ስለ ምን እንደ ተጠየቁ ዐወቁ። ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ለዶክተሩ፣ ለነርሷና ለግድግዳው ሰው በየተራ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ነርሷም ውጭ ለቆመው ዘመኑ «ፈቃደኛ አይደሉም» ስትል አስታወቀችው።

ክቡር ሆይ፣ በሆስፒታልዎ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ይህችን ቃል ገና ይቅር ማለት አልቻልሁም። ፈቃዳቸውን ማን ጠየቃቸው? በየትኛው ቋንቋ?

፭. ስለ ግድግዳው።

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናትየዋ በልጃቸው አልጋ ጠርዝ ተቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ነገሯት። ሕመሙ ያምሮት ራሷ በተወለደች ጊዜ የመጣ ነው፤ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ይዘውት አርሰዋል፣ አጭደዋል፣ ገበያ ወጥተው ገብተዋል። ያምሮትም ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ ባለቤቴ ልትጠይቃት ደረሰች፤ ለባለቤቴም በአማርኛ ነገረቻት። ባለቤቴ ለእኔ የነገረችኝ ግማሹን ብቻ ነው፤ የቀረውን እኔም አልጠየቅሁም። ያምሮት «እኔው ራሴ አብሬያቸው ልሂድ» ብላ ተነሥታ ነበር። እናቷ ግን ልጁ ክርስትና ሳይነሣ አራስ ደጅ አትወጣም ብለው ከለከሏት፤ ክርስትናው ደግሞ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው በሚሄዱበት ሰሞን፣ እሑድ የካቲት ፳፮ ነው። በማግስቱ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሐኪሞቹ እንደ ገና መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም።

ልጃቸው ብትለምናቸው፣ ባለቤቴም ብትለምናቸው፣ የሰጡት መልስ አንድ ነው። «ለአማቼና ለበረኛው ከምናገር ይዤው አገሬ ልግባ። ሴት ከሆነች፣ አገውኛም ከሰማች፣ ሁሉንም እነግራታለሁ።»

እንዲህ ያለች ሴት ከየት ትገኛለች ስንል ተጨነቅን። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ድንች ልትገዛ ገበያ ወጣች። ከቲሊሊ ድንች ሻጮች ጋር አንዲት ወጣት በአገውኛ እየሳቀች ስትከራከር አገኘቻት፤ ጠጋ ብላም የማን ልጅ እንደ ሆነችና ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት። ስሟ ሜላት ነው። የእንጅባራ ልጅ ናት። ሥራዋ አዋላጅ ነርስ ነው። ደመወዟን የሚከፍለው የእርስዎ ሆስፒታል ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ባለቤቴ ስትነግረኝ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጥ አማርኛ፣ እኔ የማውቀው አማርኛ እንኳ፣ አጠረኝ። ደስታዬም ሳይበርድ ሜላት የምትሠራው የት እንደ ሆነ ሰማሁ። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ናት። ግምጃ ቤት ያዡ ሌላ ሥራ አግኝቶ በሄደ ጊዜ ለጥቂት ቀን ተተክታ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል። አዋላጇ ጓንት ስትቆጥር፣ ዘበኛው ስለ ማህፀን ይጠይቃል።

ወደ ቢሮዎ የመጣሁት ይህን ይዤ ነበር። ጸሐፊዎ ወደ ውስጥ ገብታ፣ ከምክትልዎ ጋር ተማክራ፣ ማስተርጐም በወይዘሪት ሜላት የሥራ መዘርዝር ውስጥ አለመኖሩን በማዘን ገለጠችልኝ። ለሕጉ ያላችሁን ታማኝነት አደነቅሁ። አንድ ቀን ጊዜ ሲኖርዎ የአብተውን የሥራ መዘርዝር ቢያስነብቡኝ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም፤ በሩን፣ ዱላውን፣ አገውኛውንና የእናቶችን ሕመም በአንድ ገጽ አጠቃልሎ የጻፈውን ሰው አጻጻፍ ለማየት እጓጓለሁ።

ከቢሮዎ ስወጣ ግምጃ ቤቱ የት እንደ ሆነ ለማየት ጎራ አልሁ። ከምርመራ ክፍሉ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አብተው ፊቱን ያዞረበት ግድግዳ ነው። ከወዲያ ማዶ ሜላት ተቀምጣ ነበር።

ክቡር ሆይ፤

ዕድሜዬን ሁሉ አማርኛን ሳስተምር የኖርሁ ሰው አገውኛ ለሚናገሩ ስለ ምን እንደምሟገት የጠየቁኝ የሥራ ጓደኞቼ አሉ። አማርኛን የምወደው ሰው ከሰው ጋር ስለሚያነጋግር ነው። በእርስዎ ግቢ ግን እርሱም እንደ አብተው በር ላይ እንዲቆም ተደርጎ አገኘሁት፤ እንዲህ ላለ ሥራም ተማሪዎቼን አላዘጋጀኋቸውም።

ልመናዬ ትንሽ ናት። በጀት አያሻትም፤ ስብሰባም አያሻትም፤ ከባሕር ዳርም የሚመጣ የለም። ሰኞ የካቲት ፳ ቀን ጠዋት፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በሚመረመሩበት ሰዓት፣ ወይዘሪት ሜላት የግምጃ ቤቱን በር ቆልፋ ወደ ቀጣዩ ክፍል ትግባ። ሐኪሞቹ የሚጠይቁትን ትጠይቅ፤ እናትየዋ የሚሉትን ትስማ፤ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደ ሆነ፣ የት ጋ እንደሚደረግ፣ ምን እንደሚያሰጋና ምን እንደሚያተርፍ በቋንቋቸው ታስረዳቸው። ከዚያ በኋላ ፈቃደኛ ቢሆኑ ፈቃደኛ ናቸው፤ ባይሆኑም አይደሉም፤ «ፈቃደኛ አይደሉም» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ትርጉም ይኖረዋል። አብተው በዚያው ሰዓት በሩን ከፍቶ ይጠብቅ። ዘመኑም ወደ አናጢነቱ ይመለስ፤ የተቀጠረበት የቤት በር ገና አልተገጠመም።

ለዚህ ልመና በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ፣ መልስዎም ከኪዳነ ምሕረት በዓል ማግስት፣ ዓርብ የካቲት ፲፯ ቀን ከመምሸቱ በፊት እንዲደርሰኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቅዳሜና እሑድ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስን ለማሳመን ለሴቶቹ ይበቃቸዋል። መልሱ በአማርኛ ቢሆን አይከፋንም፤ እኛ ቤት የሚያስተረጉም አለ። በማንኩሳ ሰሌዳ ላይ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ለመልስዎ የሚሆን ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ቦታው ባዶ ከቀረ አላፊ አግዳሚው ያንኑ ያነብበዋል።

ለክቡርነትዎ ለራስዎ ጤና፣ ለልብዎ ዕረፍት፣ ለወገብዎ ጽናት፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ይልቁንም ለጆሮዎ መስማትን እየተመኘሁ፣ በሆስፒታልዎ በር ላይ ለሚጠብቁ ሁሉ ወንድም፣ ለእርስዎም ታዛዥ አገልጋይዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

መምህር ወልደ ዮሐንስ ቂርቆስ
ጡረተኛ፣ ከማንኩሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ያምሮት ለእናቷ በአገውኛ አነበበችላቸው፤ ያለ ፈቃዳቸው አንድም ነገር እንዳይወጣ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም ይህን ያህል ጤና የምመኝላቸው ሰውዬ በጠና ታመው እንደ ሆነ በያምሮት በኩል ጠየቁኝ። ደኅና መሆንዎን፣ የሆስፒታሉም አለቃ እርስዎ መሆንዎን አስረዳኋቸው። እግዚአብሔርን አመሰገኑና መልእክት አስያዙኝ። «ደኅና ከሆኑ ደስ ይላል። የታመሙ ቀን ግን አማታቸውን ይዘው ይሂዱና፣ የሚያማቸውን በእርሳቸው አፍ ይናገሩ።»